በቃ እስኪባል

እናቴ ከሞተቻቸው ሞቶች ሁሉ እኔ የምወደው የመጋዙን ነበር። በመጋዝ ስትሞት አትቸኩልም። መጀመሪያ ዓይኗን ታፈጣለች፣ ቀጥላ አንድ እጇን ወደ ጣሪያው ትዘረጋለች፣ ከዚያ ደሙ ከደረቷ ሥር በቀጭኑ ይጀምርና እስከ ግድግዳው ይፈናጠራል። እኔ ከካሜራው ጀርባ በተገለበጠ የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጬ እግሬን እያወዛወዝኩ አያለሁ። የሌሎች ልጆች እናቶች ሱቅ ውስጥ ይሸጣሉ፣ ልብስ ይሰፋሉ። የእኔ እናት ሙያዋ መሞት ነበር፤ ደግሞም ትችልበት ነበር።

አባቴ ዮሺካዙ በጃፓኗ ካዋሳኪ ከተማና በአካባቢዋ ባሉ ካሴት አከራዮች ዘንድ ስሙ የታወቀ ዳይሬክተር ነው። የታወቀ ስል ግን እንዳትሳሳቱ፤ የታወቀው በታችኛው መደርደሪያ ነው፣ ልጆች እንዳይነኩት ተብሎ ልክ በልጆች ቁመት በተሠራው። ጊዜው ሰው ሁሉ የቪዲዮ ማጫወቻ ገዝቶ የሚያጫውተው ያጣበት ጊዜ ነበር። አከራዮቹ ከአባቴ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተከራዩ ካሴቱን ወደፊት እያሮጠ የትም ቦታ ቢያቆመው ደም ይኑር። ታሪክ ቢኖረውም አይከፋም ይሉ ነበር።

ደሙን የምንሠራው እቤት ነው። እሁድ እሁድ የአባቴ ጓደኛ ኖዛኪ ትልቁን ድስት ታቅፎ ይመጣል። ቁስል፣ የተቆረጠ እጅ፣ የወጣ ዓይን የሚሠራው እሱ ነው፤ እኔ አጎቴ ነበር የምለው። ወፍራም የስኳር ሽሮፕ፣ የምግብ ቀለም፣ ጠብታ ሰማያዊ፣ በመጨረሻ አንድ ጭልፋ ሶያ ሶስ። «ቀዩ ብቻውን ከረሜላ ነው» ይለኛል እያማሰለ። «ሰው የሚያስመስለው ሶያው ነው።» አንጀቱ ግን እውነተኛ ነው። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለው ሥጋ ሻጭ የሚገዛ የአሳማ አንጀት። ቀን ከእናቴ ሆድ ሲጎለጎል ይውልና ማታ በሽንኩርትና ሚሶ በሚባለው የአኩሪ አተር ሊጥ ተጠብሶ እንበላዋለን። እናቴ የምንበላው ያልተነካውን ነው እያለች ትምላለች። ዛሬም ቢሆን አላመንኳትም።

የእኔም ሥራ ነበረኝ። እናቴ በሞተች ቁጥር ጨው የምበትንባት እኔ ነኝ።

ደንቡ እንዲህ ነው። እናቴ ትሞታለች። ካሜራው ትንሽ ያያታል። ከዚያ አባቴ «በቃ» ይላል። ሌሎቹ ዳይሬክተሮች በእንግሊዝኛ «ከት» ብለው ይጮሃሉ፤ እሱ ግን እንደጠገበ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በቃ» ብቻ። እሱ ሳይል ማንም አይነቃነቅም። እንዳለ እኔ ሳህኔን ይዤ እሮጣለሁ፣ ጨው በደረቷና በትከሻዋ ላይ እበትናለሁ፣ ሠራተኛው ሁሉ ጎንበስ ብሎ «ለድካምዎ እናመሰግናለን» ይላል፣ እናቴም ትነሳለች። አንዳንዴ ለተንኮል አትነሳም። አንድ ዓይኗን ገለጥ ታደርግና፣ «አነሰ» ትለኛለች። ስጨምር ደግሞ፣ «ልትጠብሽኝ ነው እንዴ?»

እኔ ያየሁትን ነው ያመንኩት። ሴትዮዋ ሞታለች፤ አባቴ ይፈቅዳል፣ እኔ ጨው አደርጋለሁ፣ ሴትዮዋ ትነሳለች። ስለዚህ ሰዎች ስለ ሞት ለምን ያን ያህል እንደሚያወሩ አይገባኝም ነበር። ጎረቤታችን የነበሩት ሽማግሌ ሲሞቱ ሚስታቸው ስታለቅስ አይቼ እናቴን ጨው የላቸውም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አላቸው አለችኝ። ታዲያ ምን ያስለቅሳቸዋል?

ስምንተኛ ዓመቴን በያዝኩበት የጸደይ ወራት እናቴ ምግብ እምቢ አላት። የበላችውን ትመልሳለች። አንድ ቀን ቀረጻ ላይ በፊልሙ ጽሑፍ ውስጥ ሳይኖር ታስመልስ ጀመር፤ ካሜራማኑም ጎበዝ ስለሆነ አላቆመም። አከራዮቹ ያንን ቦታ በጣም ወደዱት። ከዚያ ሆስፒታል አስተኟት።

ሐኪሞቹ አባቴንና የአባቴን ታላቅ እህት አክስቴ ፉሚን አንድ ክፍል አስገብተው በሩን ዘጉ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ከማሽን የተገዛልኝን የሐብሐብ ሶዳ ይዤ ቀረሁ። አክስቴ ፉሚ የባንክ ሠራተኛ ሚስት ናት፤ የወንድሟን ፊልሞች አንድም ቀን አይታ አታውቅም፣ ሰው ከጠየቃትም ወንድሜ በማስታወቂያ ሥራ ላይ ነው ትላለች። ሲወጡ ፊቷ እንደ ታጠበ ጨርቅ ነጥቷል። አባቴ ክንዷን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰዳትና እኔ በደንብ የማውቀውን ድምፁን አወጣ። የዳይሬክተሩን።

«ቁስለት ነው፣ ብዙ አትጨነቂ። በይ።»

«ቁስለት ነው፣ ብዙ አትጨነቂ።»

«ዓይንሽ መሬት ላይ ነው። እሷን እያየሽ።»

«እያየኋትማ አልችልም፣ ዮሺካዙ።»

አሰበ። «እንግዲያው ፖም እየላጥሽ በይው። እጅ ሥራ ሲይዝ ፊት ይረሳል። ፈገግታሽንም ቀንሺ። ለቁስለት ይበዛል።»

ደገመችው። ሠለሰችው። በመጨረሻ ራሱን ነቀነቀ፤ ደህና ማለቱ ነው። ሶዳዬን መጠጣት ተውኩ። ለምን ቢባል፣ እኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበርና፦ አባቴ የእናቴን ቦታ ለአክስቴ ፉሚ ሊሰጥ ነው። ያውም ለእሷ! ጣቷን መርፌ ሲወጋት ሰፈሩን የምትቀሰቅስ ሴት በመጋዝ እንዴት ትሞታለች?

ከዚያ እናቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ፖሙን ላጠች፤ ልጣጩ ሳይበጠስ አንድ ረጅም ክር ሆኖ ወረደ። ቁስለት ነው፣ ብዙ አትጨነቂ አለቻት። እናቴ ልጣጩን ስታይ ቆይታ፣ «ለዚህ ነው እንዴ እንዲህ ያስጨነቃችሁኝ?» አለች። ሁሉም ሳቁ። ሲስቁ ደስ አላለኝም።

ያን ጊዜ በአገራችን ሐኪም እንዲህ ያለውን ነገር የሚነግረው ለቤተሰብ ነበር፣ ለታማሚው አይደለም። የካንሰር ስም ታማሚው ጆሮ ከገባ ተስፋ ቆርጦ ከቀኑ በፊት ይሞታል ይባል ነበር። ቤተሰቡ ይማከራል፣ የጨጓራ ቁስለት የሚለው ቃል ይመረጣል፣ ለነርሷም ለጽዳት ሠራተኛዋም ይነገራል። አገር በሙሉ አንድ ፊልም ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ ጽሑፉን ያላነበበው መሪ ተዋናዩ ብቻ። የአባቴ ጥፋት ከማንም የተለየ አልነበረም። የሰው ሆድ ዕቃ አውጥቶ በብርሃን የሚያሳይ ሰው፣ የገዛ ሚስቱን ሆድ ምን እንደያዘው ለመናገር አፉ ተዘጋ።

የእናቴን ሆድ ከፍተው መልሰው ዘጉት፤ ምንም እንዳላዩ ሆነው ወደ ቤት ሰደዷት። ቁስሏን ስታሳየኝ ቅር አለኝ። ቀጭን መስመር ብቻ። አጎቴ ኖዛኪ ቢሆን እንደዚህ ያለ ሥራ ይዞ ለመታየት ያፍር ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ፊልም ነው ቤታችንን የበጠበጠው። አባቴ አዲሱን ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ እናቴ አነበበችው። በእሱ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ አትሞትም። ጭምብል የለበሰው ገዳይ መንደሩን በሙሉ ፈጅቶ እሷ ብቻ ትተርፋለች፤ ማለዳ ኮረብታ ላይ ትወጣለች፣ ነፋስ ፀጉሯን ይበትነዋል፣ ፊልሙ ያልቃል። መጋዙ የተሰጠው ሬይካ ለምትባል ፀጉሯን ቡናማ ለተቀባች ልጅ ነው።

እኔ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በሌሎች ቤቶች ባሎች ለሚስቶቻቸው አበባ ይገዛሉ፤ በእኛ ቤት አባቴ የሚወደውን ሰው ይገድላል። እናቴን መግደል ተወ ማለት እናቴን ተወ ማለት ነው። ሬይካን ሲያስተምራት አየሁ። ክንዷን ይዞ፣ ወዲህ ውደቂ፣ አንገትሽን ወደ ብርሃኑ፣ እያለ። እናቴ ብርድ ልብስ ተከናንባ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታያለች። ሬይካ ሞታ አባቴ «በቃ» ሲል ሳህኔን ይዤ ሄድኩና በሁለት ጣቴ ቆንጥሬ ትንሽ ጣልኩባት። ግማሽዋን ብቻ ትነሳ ብዬ ነው። ሙሉዋን ተነስታ ታጥባ አውቶቡስ ተሳፈረች። መጀመሪያውኑም በደንብ አልሞተችም ነበር።

የሚቀጥለው እሁድ ዝናብ ነበር። አጎቴ ኖዛኪ ጠርሙስ ሊያመጣ ወጥቷል፤ እናቴ ደሙን ታማስላለች፣ አባቴ ከጎኗ ቀለም ይመጥናል። እኔ ከጠረጴዛው ሥር የሌላ ባዶ ድስት ጠርዝ በጣቴ እየጠረግኩ እልሳለሁ። ጣፋጭ ነው፣ መጨረሻው ላይ ሶያው ይመጣል።

«ያንተ ጽሑፍ መጨረሻው ገረመኝ» አለች እናቴ ዓይኗን ከድስቱ ሳታነሳ።

አባቴ ለለውጥ ያህል ነው፣ አከራዮቹ አዲስ ነገር ይፈልጋሉ አላት።

«አከራዮቹ» ብላ ልትስቅ ስትል ሆዷን ያዘች። «በመጋዝ ገድለኸኛል። በቤንዚን አቃጥለኸኛል። ለዓሣ ቀልበኸኛል። ከሠርጋችን ማግስት በመጥረቢያ ፈልጠኸኝ ማታውን ደግሞ ኑድል ጋብዘኸኛል። አሁን ከሆስፒታል ስወጣ ኮረብታ ላይ አውጥተህ ፀሐይ ታሞቀኛለህ። ቁስለት ለያዘው ሰው እንዲህ ይደረጋል?»

አባቴ መለኪያውን አስቀመጠ። «ቺዙሩ» አለ። እቤት ውስጥ በእኔ ስም «የቶሞኤ እናት» ነበር የሚላት፤ በስሟ ሲጠራት የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

«እንዳትነግረኝ» አለችው። ድምፅዋ ቁጣ የለውም፤ የደከመው ሰው በረደ በሩን ዝጋው እንደሚለው ነው። «ከነገርከኝ የማውቅ ሆኜ መጫወት አለብኝ፣ እሱን አልችልበትም። የማላውቅ ሆኜ ግን ጎበዝ ነኝ። ፉሚ ያንን ፖም ልጣ አምናኛለች ብላ ነው የሄደችው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማኛል። ከዚያ እናቴ ጭልፋውን ድስቱ ጠርዝ ላይ አጋድማ አኖረች፣ የሽርጧን አንገት አስተካከለች፣ ቀረጻ ቦታ ላይ እንደምታደርገው ሁለት እጇን ከፊቷ አድርጋ ጎንበስ አለችለት።

«ዳይሬክተር፣ እባክዎ ይግደሉኝ» አለችው። «በደንብ አድርገው። እንደ ድሮው።»

አባቴ ደሙን ማማሰል ጀመረ። ረጅም ጊዜ አማሰለ፣ መማሰል የማያስፈልገው ደረጃ ላይ ደርሶም አማሰለ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ የሚስቅ መሰለኝ። ታረቁ ብዬ ጣቴን ላስኩ።

የኮረብታው ጽሑፍ ተቀደደ። አባቴ አዲስ ሞት ጻፈላት፤ ለቀረጻው ከወንዙ ማዶ የተዘጋ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ተከራየ። ለእኛ ሥራ መታጠቢያ ቤት ቤተ መንግሥት ነው፤ ሸክላው ደም አይመጥም፣ ቧንቧ አለ፣ ድምፁም ያስተጋባል። ግድግዳው ላይ የተሳለው ተራራ ግማሹ ተልጧል። እናቴ ነጭ ልብስ ለብሳ በደረቁ ገንዳ ውስጥ ተኛች፤ አጎቴ ኖዛኪ ቱቦውን ከጀርባዋ አሳልፎ ፓምፑን ታቅፎ ከገንዳው ጀርባ ተደበቀ። ከስታ ስለነበር ቱቦውን የሚሸፍንበት ሥጋ አጥቶ በፎጣ ነው የሞላው። እኔ በክረምቱ እርጥበት የረጠበውን ጨው ሳህኔ ላይ በጣቴ እየፈረካከስኩ ቆምኩ።

ሞቷን ማውራት አልፈልግም። የመጋዙን ያህል እንደወደድኩት ብቻ ልበል፤ ያን ጊዜ። ዓይኗን አላፈጠጠችም፣ እጇን ወደ ጣሪያው አላነሳችም። ደሙ በገንዳው ከንፈር ላይ ሲፈስ ልክ ሻይ ቀድታ የምትጠብቅ ሰው መስላ አየችው፤ ከዚያ ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዘነበለች።

አባቴ «በቃ» አላለም።

ፓምፑ ደም አለቀበትና ባዶ አየር ይጠባ ጀመር። አጎቴ ኖዛኪ አጠፋው። ካሜራው ይሠራል። ካሜራማኑ አባቴን አየ፣ ከዚያ እንዳላየ ሆነ። ውሃ የሆነ ቦታ ይንጠባጠባል። እግሬ ደነዘዘ፤ ግን ሳይባል መሄድ አይቻልም፣ ደንብ ነው። አባቴ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ያያታል።

«ዳይሬክተር» አለች እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ከንፈሯንም እምብዛም ሳታንቀሳቅስ። «በረደኝ።»

«በቃ» አለ።

ሮጬ በተንኳት። ሁሉም ጎንበስ ብለው ለድካምዎ እናመሰግናለን አሉ። እናቴ ግን ለመነሳት ሞክራ አቃታት፤ አጎቴ ኖዛኪ ገንዳው ውስጥ ገብቶ አቅፎ አወጣት። አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝ፣ የሆነ ቀልድ ልትነግረኝ ፈልጋ ነበር መሰለኝ፤ አልመጣላትም። እኔም ምክንያቱን አወቅሁት። ጨዉ ረጥቧል። የረጠበ ጨው ኃይሉ ግማሽ ነው።

ያ ካሴት ዛሬም ከእኔ ጋር አለ። አባቴ ያንን ረጅም ዝምታ አልቆረጠውም፤ እንዳለ ነው የሸጠው። ተከራዮቹ እዚያ ሲደርሱ ወደፊት ያሮጡታል። ደሙ ቆሟላ።

እናቴ የዚያው ዓመት ክረምት ሲወጣ ሞተች። እንደሞተች ሲነግሩኝ ብዙ አልደነገጥኩም፤ ይልቅ አሁንም ጨዉ እንዳይረጥብ ነበር ስጋቴ። የቀብር አዳራሹ መግቢያ ላይ ስደርስ ግን ልቤ መለስ አለ። በአስተናጋጇ ጠረጴዛ ላይ ለለቀስተኛው የሚታደል ትንንሽ የወረቀት ከረጢት ተደርድሯል፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ደረቅ ጨው። አባቴ በመጨረሻ በቂ ጨው አዘዘ አልኩ። አስተናጋጇ ዞር ስትል የትምህርት ቤት ልብሴን ኪሶች ሞላሁ።

ዛሬ እኔም እንደማንኛውም ሰው አውቃለሁ። ያ ጨው የሞተውን አያነሳም። ለቀስተኛው ወደ ቤቱ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ሆኖ ራሱ ላይ የሚበትነው ነው፤ ሞት ተከትሎት እንዳይገባ። ቀረጻ ላይም ያው ነበር፤ ሞትን የተጫወተ ሰው ላይ ሞት እንዳይለምድ። ያን ሁሉ ዓመት እናቴን ሳስነሳት ሳይሆን ሞትን ሳባርርላት ነበር።

ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት አበባ የማኖር ተራ መጣ። ሁሉም አንድ አንድ ነጭ አበባ እየያዘ ይጠጋል። እኔ አበባዬን ለአክስቴ ፉሚ አስያዝኩና ከረጢቶቹን እየቀደድኩ በእናቴ ደረትና ትከሻ ላይ አፈሰስኩ፤ አንዱን፣ ሌላውን፣ ሌላውንም። መነኩሴው ጸሎታቸውን አቋረጡ። አክስቴ ፉሚ እጄን አፈፍ አድርጋ፣ «ይቺ ልጅ ምን ነካት!» አለች፤ ወደኋላ ጎተተችኝ።

ያን ጊዜ አጎቴ ኖዛኪ፣ የሚያውቀውን ምልክት ያየ ሰው እንደሚሆነው፣ ሳያስበው ጎንበስ አለ። «ለድካምዎ እናመሰግናለን» አለ። ከኋላ ካሜራማኑ ደገመው። መብራት ያዡም፣ ሬይካም ጭምር። ጥቁር የለበሱት ሁሉ ጎንበስ ብለው ቀሩ፤ የአክስቴ ፉሚ የባንክ ሠራተኛ ባልና ዘመዶቹ ብቻ ቆመው ይተያያሉ።

እኔ እናቴን አየሁ። አልተነሳችም። ጨዉ ደረቅ ነው፣ ብዙም ነው፣ ምስጋናውም ተብሏል። ታዲያ ምን ጎደለ? ከዚያ ትዝ አለኝ። ዞር ብዬ አባቴን አየሁት።

«አባዬ» አልኩት። «በቃ በላ።»

አባቴ አየኝ። አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ቃሉን ለማለት ሲገጥም በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ መልሶ ዘጋው፣ ራሱንም ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

ለብዙ ጊዜ ይቅርታ አላደረግኩለትም። አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው። ከዚያ በኋላም ፊልም መሥራቱን ቀጠለ፤ በአዲሶቹ ውስጥ ግን ሴት አትሞትም፤ ጭምብል የለበሰው ሰው ሲመጣ ሴቶቹ ሁሉ በጓሮ በር ያመልጣሉ። ሴት የማትሞትበትን የደም ፊልም ማን ይከራያል? በመጨረሻ የሰው ሠርግ እየቀረጸ ነው ያሳደገኝ።

ያን ቀን አመሻሽ ከአስከሬን ማቃጠያው ተመለስን። አባቴ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን የአጥንቷን ሣጥን ታቅፏል። እኔ ያንን ሣጥን እናቴ ነው ብዬ አልቆጠርኩትም፤ እሷ አዳራሹ ውስጥ ቃሉን እየጠበቀች ቀርታለች። ደጃፋችን ላይ አክስቴ ፉሚ ከረጢቷን ቀድዳ በራሷ ትከሻ፣ ቀጥላ በእኔ ላይ በተነች። አባቴ ጋ ስትደርስ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለ።

«ተዪው፣ ፉሚ» አላት።

«እንዴት ይሆናል? ከቀብር መጥተህ እንዲሁ ልትገባ?»

«ተዪው። ትግባ።»

አክስቴ ፉሚ ጨዉን በመዳፏ እንደያዘች ቀረች። አባቴ ጫማውን አውልቆ ገባ። እኔ ግን ማን ትግባ እንደተባለ በደንብ ሰምቻለሁ። በሩን በጀርባዬ ደግፌ ቆምኩና መንገዱን ማየት ጀመርኩ። የፋብሪካ ሠራተኞች በብስክሌት ያልፋሉ። የመንገድ መብራት በራ። አክስቴ ፉሚ ትንኝ ቤቱን ሊሞላው ነው፣ ዝጊው ብላ ተቆጣችኝ።

«ክፍት ይሁን» አለ አባቴ ከውስጥ።